የሳንባ ሕመምተኛን ልቡን ማን ይይለት?

መነሻው ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ስለ ሲኦፒዲ ነው የምጽፈው። የአየር ቧንቧን እያጠበበ፣ ሳንባን እያደከመ የሚሄድ የቆየ ሕመም ነው። ሳል፣ አክታ፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር። በየሰፈራችን “አስም ነው”፣ “ብሮንካይት ነው” እየተባለ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደገደለ ጽፏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ይህ ሕመም ያለበት ሰው ቤታችን ካለ የምንፈራው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ሌሊት ትንፋሹ እጥር ብሎበት እንዳይቀር። ጥናቶቹ ግን ሌላም የሚያስፈራ ነገር ያሳያሉ። ቶርች የተባለው ጥናት ከ6,100 በላይ ሕመምተኞችን ለ3 ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን በ2007 አወጣ። ጥናቱ ላይ እያሉ የሞቱት ሰዎች በምን እንደሞቱ የሚመረምር ገለልተኛ ቡድን ነበረ። በሳንባ የሞቱት 35 በመቶ ሆኑ። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት 27 በመቶ። በካንሰር 21 በመቶ።

ከአራት ሟቾች ከአንድ በላይ የሚሆነው በልቡ ነው የሄደው ማለት ነው። ታዲያ የሳንባ ክትትል ላይ ያለ ሰው ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ፣ ኢሲጂው (የልብ ምት በማሽን የሚነሳበት ምርመራ) ለምን አብሮ አይታይም? የእናንተ ቤት እንዴት ነው?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ መልሱ ጎረፈ። አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች በተራ ቁጥራቸው እያጠቃለልኩ አስቀምጣለሁ። የራሴንም ሐሳብ በየመሃሉ እጨምራለሁ።

መልስ 1

መጀመሪያ የመጣችው እህት አባቷን አነሳች። ዕድሜ ልካቸውን ሲጋራ ያጨሱ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ተጎድቷል፣ ልባቸውም ላይ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸዋል። እሷ የምትለው ሁለቱንም ያመጣው ሲጋራው ነው፣ ስለዚህ ሳንባው ልቡን ጎዳ ማለት አይቻልም ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በትሕትናም ነው የጠየቀችው።

መልስ 2

የሕክምና ተማሪ የሆነ ልጅ መለሰላት። ሲጋራው የጋራ ጠላት መሆኑን ተቀበለ፣ ግን እዚያ ላይ አያበቃም አለ። ያቀረበው በስኮትላንድ ሬንፍሩ እና ፔይስሊ በተባሉ ከተሞች የተደረገውን፣ በ1996 የታተመውን ክትትል ነው። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ሳንባቸው ተለክቶ ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማስወጣት የሚችሉት አየር ያነሰ ሰዎች በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይህ ሲጋራ ቀምሰው በማያውቁት ላይም ታይቷል። ስለዚህ ሲጋራ ሁሉንም ነገር አያስረዳም።

መልስ 3

እዚሁ ላይ አንድ ወንድም እንዴት ሆኖ ነው ሳንባ ልብን የሚጎዳው ብሎ ጠየቀ። ራሱ የሕክምና ተማሪው ተመልሶ ሦስት መንገድ ዘረዘረ። አንደኛው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ነው። ሳንባ ውስጥ የሚነደው ብግነት ወደ ደም ይገባል፣ የደም ሥሮችን ግድግዳ ያስቆጣል። ሁለተኛው የኦክስጅን ማነስ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄዱት ደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ የልብ ቀኝ ክፍል ከአቅሙ በላይ ይገፋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የተጎዳ ሳንባ አየሩን አስወጥቶ ስለማይጨርስ እንደተነፋ ይቀራል፣ ደረት ውስጥ ያለውን ቦታ ይይዛል፣ ልብም በደም በደንብ መሙላት ያቅተዋል። በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ወደ 2,800 የሚሆኑ ሰዎችን በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ አይቶ፣ የሳንባው ጉዳት በጨመረ ቁጥር በልብ ግራ ክፍል የሚሞላው ደም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ከባድ የሳንባ ሕመም አልነበረባቸውም።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ጉዳቱ ሰውየው አልጋ ላይ ከመውደቁ በፊት ጀምሮ እየሠራ ነው ማለት ነው።

መልስ 4 እና 5

ሁለት እህቶች ተከታትለው የጻፉት የዚህን ክር አቅጣጫ ቀየረው። እናቶቻቸው ሲጋራ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭስ ቤት ነው የኖሩት። እንጀራ መጋገር፣ ጠላ መጥመቅ፣ በእንጨትና በኩበት። አንደኛዋ እናቷ ሳል ይዟቸው በሄዱ ቁጥር የቲቢ ምርመራ ተደርጎ “ነጻ ነሽ” እየተባሉ ለዓመታት እንደተመለሱ፣ የትንፋሽ መለኪያ የነፉት ግን አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ብቻ እንደሆነ ተናገረች።

እዚህ ላይ እኔም ገባሁ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ትንባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሴቶች ደግሞ በጣም ጥቂት። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሳንባ የሚበላው ነገር በብዛት ማጀት ውስጥ ነው ያለው። ቲቢ ታክሞ ከዳነ በኋላ የሚተወው ጠባሳም አለ። የቶርች ጥናት ውስጥ ለመግባት ግን የብዙ ዓመት የሲጋራ ታሪክ ግዴታ ነበር። ኋላ ላይ የምጠቅሰው ሰሚት የተባለው ጥናትም እንዲሁ። እነዚያ እናቶች በእነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ውስጥ የሉም። በእነሱ ዓይነት ሴቶች ላይ የልብ አደጋው ስንት እንደሆነ በዚያ ልክ የለካ ጥናት ሊኖረን ይገባል፣ የለንም፤ ይህ ያበሳጨኛል።

መልስ 6

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ የጠነከረው። አንድ ወንድም የፈረንጅ ጥናት ለፈረንጅ ነው አለና ፓፉ (በአፍ የሚሳበው የሳንባ መድኃኒት) ራሱ ልብ ያስመታል፣ እናቴ ፓፉን ጥላ ጦስኝና ዳማከሴ ስትጠቀም ተሻላት፣ እናንተም ጣሉት ብሎ ደመደመ።

መልስ 7

ያኔ አንዷ ነርስ በቁጣ ተነሳች። ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰው እንደዚህ ተብሎ መድኃኒቱን ጥሎ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ያየ ሰው እንዲህ አይጽፍም ብላ ጀመረች። ከዚያ ግን ረጋ ብላ አስረዳች። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ልብ ያስመታል፣ እጅም ያንቀጠቅጣል፤ ይህ እውነት ነው። እሱ ለማስታገሻ የሚወሰድ ነው። በቀን ደጋግሞ የሚፈልገው ሰው ካለ የሚነግረን ሕመሙ እንዳልተያዘ ነው፣ ወደ ሐኪም መመለስ አለበት። በየቀኑ በመደበኛነት የሚወሰደው ፓፍ ሌላ ነገር ነው።

መልስ 8

የፋርማሲ ባለሙያ የሆነ ወንድም የነርሷን ሐሳብ ደግፎ ሰሚት የተባለውን ጥናት አመጣ። ይህ ጥናት ለዚህ ክር የተሠራ ይመስላል። 43 አገሮች ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎችን መዘገበ። ሁሉም መካከለኛ ሲኦፒዲ ያለባቸውና የልብ ሕመም ያላቸው ወይም ለልብ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። ጥያቄው፣ ሁለት መድኃኒት ያለበት በየቀኑ የሚወሰድ ፓፍ ሞትን ይቀንሳል ወይ ነበር። በ2016 ውጤቱ ወጣ። ሞትን በአስተማማኝ ሁኔታ አልቀነሰም። ግን ልብ ላይም አደጋ አልጨመረም። ባለሙያው ያጎላው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ልባቸው የታመመ ሰዎችን ሆን ብሎ ሰብስቦ የተደረገ ጥናት ፓፉ ልብን እንደማይጎዳ ካሳየ፣ ፓፉን በልብ ፍርሃት መጣል መሠረት የለውም።

መልስ 9 እስከ 11

ቁጥር 6 ተመልሶ ተሰደብኩ አለ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ባህላዊ መድኃኒትን ማንቋሸሽ ልማድ ሆነባችሁ ብለው አገዙት። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጦስኝ ሻይ ውስጥ ገብቶ ቢጠጣ ማንም አይቃወምም። ቁጣው የመጣው ጣሉት የሚለው ምክር ላይ ነው፣ ትክክልም ነው።

መልስ 12

ነርሷ እንደገና መጣች። ለእኔ የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። እንዲህ ነው የሚሆነው አለች። ሰውየው ሕመሙ ይነሳበታል። ሳል፣ አክታ፣ ትንፋሽ ማጠር። ሆስፒታል ይተኛል፣ ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎንና አንቲባዮቲክ ይወስዳል፣ ይሻለዋል፣ ይወጣል። ቤተሰብ እፎይ ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ደረቱን ይይዘዋል ወይም ስትሮክ ይመታዋል። እሷ ይህን በተደጋጋሚ አይታለች።

ቁጥሩ ከእሷ ልምድ ጋር ይሄዳል። የሰሚት ጥናት ሰዎች መረጃ በ2018 እንደገና ሲመረመር፣ ሕመሙ ተነስቶ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ የልብና የደም ሥር አደጋ ከሌላው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ወደ 4 እጥፍ ነበር። ሆስፒታል አስተኝቶ የሚያሳክም ከሆነ ደግሞ ወደ 10 እጥፍ። ከዚያ በፊት በ2010 በእንግሊዝ የታተመ ጥናትም ሕመሙ ከተነሳ በኋላ ባሉት ከ1 እስከ 5 ቀናት ውስጥ ሀርት አታክ ከ2 እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አግኝቷል።

መልስ 13

አንድ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው በጨዋ ቋንቋ እርማት አቀረበ። እጥፍ የሚለውን ቁጥር ስትሰሙ አትደንግጡ፣ መነሻው ትንሽ ከሆነ አራት እጥፉም ብዙ ላይሆን ይችላል አለ። ሌላም ጨመረ። ሕመሙ ተነሳ የተባለው ራሱ አንዳንዴ ሳንባ ብቻ አይደለም። የልብ ድካም ትንፋሽ ያሳጥራል። ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋትም እንዲሁ። በ2021 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ትንፋሻቸው ባሰና ሆስፒታል በገቡ የሲኦፒዲ ሕመምተኞች ላይ ፈልጎ ወደ 6 በመቶ የሚሆኑት ላይ የደም መርጋት አግኝቷል። ስለዚህ ፓፍና ፕሬድኒሶሎን ሰጥቶ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። ኢሲጂ ይነሳ፣ እግር ያበጠ እንደሆነ ይታይ።

እርማቱን እቀበላለሁ። ነገሩን የሚያቀለው ግን አይመስለኝም፤ እንዲያውም ልብን ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ምክንያት ነው የሰጠን።

መልስ 14

ከዱባይ የጻፈች እህት ሌላ ጉዳይ ይዛ መጣች። እናቷ አገር ቤት ናቸው፣ ሲኦፒዲም የልብ ድካምም አለባቸው። የልብ ሐኪሙ ቢሶፕሮሎል የተባለ የልብ ክኒን አዘዘላቸው። አንዲት ጎረቤት ደግሞ የልብ ክኒን ሳንባ ይዘጋል አለቻቸውና እናት መውሰድ አቁመዋል። ማንን ልመን ነው ጥያቄዋ።

መልስ 15 እና 16

አንዱ ጎረቤቷ ልክ ናት፣ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ተቋርጧል አለ። የፋርማሲው ወንድም በጣም ተቆጣ። እንዲህ ዓይነት ክኒን በድንገት ማቋረጥ ራሱ ልብን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ነገረውና ዛሬውኑ ለልብ ሐኪሙ እንድትደውል ለእህታችን ጻፈላት። ከሁሉም መልስ ቶሎ የደረሰው የእሱ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጠው።

መልስ 17

ሐኪሙ ስለ ተቋረጠው ጥናት ዘርዘር አድርጎ ጻፈ። ይህን ቁጥር ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ጥናቱ በ2019 የወጣ ነው። 532 ሰዎች ሜቶፕሮሎል (የቢሶፕሮሎል ዓይነት የልብ ክኒን) ወይም ባዶ ክኒን ወሰዱ። ሕመሙ እንዳይነሳ አላደረገም፣ እንዲያውም ሆስፒታል የሚያስገባ መባባስ ሜቶፕሮሎል በወሰዱት ላይ በዛ። ግን ልብ በሉ፤ ለልባቸው ይህን ክኒን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከጥናቱ እንዲወጡ ተደርገዋል። የተጠየቀው ክኒኑ ሳንባን ያክማል ወይ ነው። ልቡ የታመመው ሰው ይተወው ወይ የሚል ጥያቄ አልተጠየቀም። በ2024 ከእንግሊዝ የወጣው የቢሶፕሮሎል ጥናትም እንዲሁ ነው። ኮቪድ አደናቅፎት ካሰበው ሰው ሲሶውን፣ 519 ብቻ መዘገበ። መባባስን አልቀነሰም፣ ሳንባንም አልጎዳም። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ የዚሁ ወገን የሆነው ፕሮፕራኖሎል ግን ከእነዚህ ይለያል፣ የአየር ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል፣ በተለይ አስም ላለበት ሰው አይሆንም። የጎረቤቷ ወሬ መነሻው ምናልባት እሱ ነው።

መልስ 18

አንድ ወንድም ታዲያ ሁሉም የሲኦፒዲ ሕመምተኛ የኮሌስትሮል ክኒን ቢወስድስ አለ። ሐኪሙ የ2014ቱን ጥናት ጠቀሰለት። 885 ሰዎች ሲምቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት የኮሌስትሮል ክኒኖች አንዱ) ወይም ባዶ ክኒን ወሰዱ፣ የመባባስ ልዩነት አልመጣም። እዚያም ስታቲን ለልባቸው የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አልገቡም።

የሁለቱን ዓይነት ክኒኖች ጥናት አንድ ላይ ሳየው ነው ነገሩ ቁልጭ ያለልኝ። ተመራማሪዎች የልብ መድኃኒት ወስደው የሳንባ መድኃኒት ይሆን እንደሆነ ሞከሩ። አልሆነም። ሰው ደግሞ ርዕሱን ብቻ አንብቦ የልብ መድኃኒት ለሳንባ ሕመምተኛ አይሠራም ይላል። ልቡ የታመመ የሳንባ ሕመምተኛ ግን እንደማንኛውም የልብ ሕመምተኛ መታከም አለበት። ካልታከመ የሚቀርበትም ትልቅ ነገር ነው።

መልስ 19 እስከ 23

እዚህ ጋ ክሩ ወጣ ገባ አለ። አንዱ ኦክስጅን ማሽን አለኝ ብሎ ሊሸጥ መጣ፣ ተወገዘ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኦክስጅን ለማንም አይሰጥም። አንዲት እህት ፓፍ በመንገደኛ ስትልክ በሙቀት እንዳይበላሽ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። ሌላው የ2019ኙ አዋጅ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን ቢከለክልም ሺሻ ቤቱ አሁንም ሙሉ ነው ብሎ አማረረ።

በጣም የከረረው ግን የዕጣን ጉዳይ ነው። ቁጥር 21 ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣንና ከሰል ለእነዚህ ሕመምተኞች ጥሩ አይደለም አለች። ሁለት ሰዎች ባህላችንን ልትነኪ ነው ብለው ተነሱባት። እሷ አልተበገረችም። እናቴ በተቀመጡበት ክፍል ዕጣን አይጨስም፣ ቡናው ግን ይፈላል፣ ይጠጣል ብላ መለሰች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ጭስ ጭስ ነው፤ ከዕጣንም ከከሰልም የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ይገባል። በር ከፍቶ ውጪ በረንዳ ላይ ማፍላት ማንንም አይጎዳም።

መልስ 24

ከባሕር ዳር አካባቢ የጻፈ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ምድጃ አነሳ። ምርጥ የተባለው ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል፣ ግን ማጀቱ መስኮት ከሌለው ብዙ ለውጥ የለውም ይላል። የሠራውን ቤት ሁሉ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው። ሴቶቹ ምድጃውን ወደውታል፣ ሲሰነጠቅ ግን የሚጠግነው ሰው ስለማይኖር ወደ ጉልቻው ይመለሳሉ አለ። መንግሥትም ድርጅትም ምድጃ ሲያድሉ ጥገናውን አብረው ቢያስቡት ብሎ ጠየቀ። ይህ መልስ ከመልሶቹ ሁሉ ያነሰ ላይክ ነው ያገኘው፤ ተመልሳችሁ አንብቡት።

መልስ 25

አንዲት እህት እናቷ በዚህ ሳምንት ከሆስፒታል እንደወጡ፣ ቀጠሯቸው ከ3 ወር በኋላ እንደሆነ ጻፈች። ቁጥር 12ን አንብባ እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ 26

ነርሷ 3 ወር አትጠብቂ አለቻት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ሐኪም ይያቸው፣ ደም ግፊታቸው ይለካ፣ ኢሲጂ ይነሳላቸው። ፓፉን ፊትሽ አስደርጊያቸው፣ ብዙ እናቶች ነፍተውት ወዲያው ነው ትንፋሹን የሚያስወጡት፣ መድኃኒቱ ሳይገባ ይወጣል። ስፔሰር (ፓፉ ላይ የሚገጠም ቱቦ) ከተገኘ ይጠቀሙ። ደረት መክበድ፣ እግር ማበጥ፣ ጠፍጣፋ መተኛት አለመቻል፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

መልስ 27

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ተስማማበት፣ ግን ከልቡ የከበደው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። የሳንባ ክሊኒኩና የልብ ክሊኒኩ ቀናቸውም ካርዳቸውም ይለያያል አለ። በአንድ ጠዋት ያን ሁሉ ሰው የሚያይ ሐኪም የሳል ታሪክ ጠይቆ ሳይጨርስ ቀጣዩ ይገባል። የ3 ወሩ ቀጠሮ የመጣው ከክፋት አይደለም፣ ቦታ ስለሌለ ነው።

መልስ 28

ነርሷ ቦታ ከሌለ ደም ግፊት መለካትና ኢሲጂ ማንሳት ሐኪም አይጠይቅም፣ ነርስ ይበቃል፣ ከሆስፒታል የወጡትን ብቻ በሁለት ሳምንት የሚቀበል አንድ ጠዋት ይመደብ ብላ መለሰችለት። ሐኪሙ በክፍሉ ስብሰባ ላይ እንደሚያነሳው ጽፏል። የቁጥር 25 እናት ሐሙስ ጠዋት ኢሲጂ ሊነሱ ነው፣ ልጃቸው ውጤቱን እዚሁ እንደምትጽፍ ቃል ገብታለች።